ከመልካ ዋከና እስከ ሳነቲ

ከሻሸመኔ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ኮፈሌን አልፎ ወደ ዶዶላ ሲጠጋ ሜዳው ይከፈታል። ኅዳር ነው። ስንዴው ደርሷል፤ ኮምባይነሮቹ ከማለዳ ጀምረው አቧራና ገለባ እያቦነኑ ይመላለሳሉ። እኛ ግን መኪናው ውስጥ ወሬያችን ሁሉ ስለ አንድ መንጋጋ ነው።

መንጋጋው የተገኘው ከዚሁ አካባቢ፣ ከመልካ ዋከና ነው። አብዛኛው ሰው ስፍራውን የሚያውቀው በዋቢ ሸበሌ ላይ በተሠራው የኃይል ማመንጫ ግድብ ነው። የጥንተ ሰው አጥኚዎች ደግሞ ለድንጋይ መሣሪያዎቹ ሲሉ ይመላለሱበታል፤ ይህ የቀኝ ታችኛ መንጋጋም በእነሱ ሥራ መካከል ነው የተገኘው። በ2023 «ኮሚዩኒኬሽንስ ባዮሎጂ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት መንጋጋው የቀይ ቀበሮ መሆኑን፣ ዕድሜውም ከ1.4 እስከ 1.6 ሚሊዮን ዓመት እንደሚገመት ይናገራል። (በዚህ ማስታወሻ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ጥናቶቹ የሚታወቁት በዚያ ነውና።)

ክርክሩን ያመጣው ዘረመሉ ሌላ ነገር ሲናገር መቆየቱ ነው። በ2004 የታተመ ጥናት የቀይ ቀበሮዎችን የማይቶኮንድሪያ ዲኤንኤ አነጻጽሮ፣ የዘራቸው መስፋፋት የጀመረው ከ100,000 ዓመት ገደማ በፊት እንደሆነ አመልክቶ ነበር። ከዚያ ተነሥቶ የተነገረው ታሪክም ለጆሮ ይጥማል። ተኩላ መሰል እንስሳት በበረዶው ዘመን ከዩራሲያ ወደ ኢትዮጵያ ደጋ ወጡ፤ ያኔ ሰፊ የነበረውን ውርጫም ሜዳ ሞሉት፤ አየሩ ሲሞቅ ሜዳው ወደ ተራሮቹ አናት እየሸሸ ተቆራረጠ፣ እነሱም አብረውት ሸሹ። አሁን ይህ መንጋጋ ብቅ ብሎ እንግድነታቸውን በሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ገፋው።

አብራን የምትጓዘው የላቦራቶሪ ባለሙያ ከኋላ ወንበር ሆና ትሰማናለች። «ጋሼ፣ ሁለቱም ልክ ቢሆኑስ?» አለችኝ። ማይቶኮንድሪያ የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌ ወንድ ልጅ ያልተወለደበትን ቤት እንደሚዘለው ሁሉ፣ ማይቶኮንድሪያም ሴት ልጅ ያልተካችን እናት ይዘላል። መንጋው በተመናመነ ቁጥር የሚዘለሉት ይበዛሉ፤ የተረፉት ሁሉ የሚገናኙባት እናትም እየቀረበች ትመጣለች። ስለዚህ 100,000 ዓመት የሚለው ቁጥር እንስሳው አገሩን የረገጠበትን ቀን ሳይሆን፣ ከአንድ ትልቅ መመናመን በኋላ እንደገና የበዛበትን ጊዜ ሊያሳይ ይችላል። እኔ ወደዚህ አደላለሁ። አጥንትና ዲኤንኤ ሲጋጩ አንዱ ዋሽቷል ብሎ ከመፍረድ፣ የትኛው የትኛውን ጥያቄ እንደመለሰ መለየት ይሻላል።

አዳባን አልፈን ዳገቱን ስንያያዝ መሸብን።

ስላደርንባት ዲንሾ ብዙ አልጽፍም። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ትንሽ ከተማ ናት፤ ሌሊቱ አጥንት ሰብሮ ይገባል፤ ከሐረና ጫካ የመጣ ማር ይሸጣል። በጽሕፈት ቤቱ ግቢ ጥድና ኮሶ ሥር ደጋ አጋዘኖች ሰውን ከቁብ ሳይቆጥሩ ይግጣሉ። ፓርኩ የተቋቋመው በ1970 ነው፤ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በማግስቱ ፈረሶች ተጭነው ጠበቁን።

መሪያችን በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ቀይ ቀበሮዎቹን በየዕለቱ እየተከተሉ ሲመዘግቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ኦቦ እላቸዋለሁ። ዌብ ሸለቆ ስንወርድ የየቤተሰቡን ድንበር እጃቸውን ዘርግተው ያሳዩናል፤ ከዚህ ጅረት ወዲህ የእነ እገሌ፣ ከዚያ ድንጋይ ወዲያ የሌሎቹ። እኔ የማየው ሣርና ድንጋይ ብቻ ነው።

ከአንድ የጓሳ ጉብታ ላይ ፈረሳቸውን አቆሙና «ይኸው ደብዳቤያችሁ» አሉ። የቀበሮ ዓይነ ምድር ነበር። ቀይ ቀበሮ ከፍ ያለ ነገር ይመርጣል፤ ጉብታ፣ ድንጋይ፣ የፍልፈል ጉድጓድ አፈር፤ ጎረቤት እንዲያይና እንዲያሸት። ልጅቷ ጓንቷን አጥልቃ ተንበረከከች። ውስጡን አልነካችውም፤ ውስጡ የአይጥና የፍልፈል ፀጉርና አጥንት ነው። በቀጭን እንጨት የምትልጠው የላይኛውን፣ ደርቆ የሚያብለጨልጨውን ሽፋን ነው። አንጀት ውስጥ ሲያልፍ ከግድግዳው የተላጡ ሕዋሳት ያሉት እዚያ ላይ ነውና። የላጠችውን አልኮል ባለበት ትንሽ ብልቃጥ ከተተችና ቀኑን፣ ቦታውንና የቤተሰቡን ስም በእርሳስ ጻፈችበት። ለምን በእርሳስ? አልኮሉ ከፈሰሰ የእስክሪብቶ ቀለም ይጠፋል፤ ናሙናው ባለቤት አልባ ይሆናል።

ከዚህች ብልቃጥ ብዙ ነገር ይወጣል። ጥሏት የሄደው ቀበሮ ነው ወይስ የእረኛ ውሻ? ወንድ ነው ሴት? ባለፈው ወር ከዚያ ድንጋይ ላይ የተገኘው እሱ ራሱ ነው ወይስ ሌላ? ሁሉም ብልቃጥ መልስ አይሰጥም፤ ፀሐይና ዝናብ ዲኤንኤውን ይበጣጥሱታል። ደም ከሁሉም ይሻላል፤ ግን ደም የሚገኘው እንስሳው ለምርምር ሲያዝ ነው። ሞቶ የተገኘም እንደሆነ ከጆሮው ትንሽ ቁራጭ ይወሰዳል። የቀይ ቀበሮ ዘር ጥናት ግማሹ በወረርሽኝ ከሞቱ እንስሳት የተጻፈ ይመስለኛል።

ይህ ሸለቆ በሳይንሱ ዓለም ስሙ የተጠራው በ1994 ነው። ዳዳ ጎተሊ፣ ክላውዲዮ ሲሌሮ ዙቢሪና ሮበርት ዌይን ከሌሎች ጋር ሆነው ባወጡት ጥናት ሁለት ነገር ታወቀ። አንደኛው የዝምድናው ጉዳይ ነው። በ1830ዎቹ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ከስሜን ተራሮች ካስተዋወቀው ጀምሮ እንስሳው አንዴ ከቀበሮ ሌላ ጊዜ ከሌላ ይመደብ ነበር፤ ዲኤንኤው ግን ከአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ለግራጫው ተኩላና ለሰሜን አሜሪካው ኮዮቴ እንደሚቀርብ አሳየ። ሁለተኛው የከፋው ነው። በዌብ ሸለቆ ካሉት መካከል የውሻ ዘር የገባባቸው ተገኙ።

ኦቦ እነዚያን ዲቃሎች በዓይናቸው አይተዋል። «አፉ አጠር፣ ሰውነቱ ደደር ያለ ነው፤ መልኩም ቀይ አይደለም» አሉኝ። ዓይን የሚያየው ይህን ያህል ነው። ዲኤንኤው የጨመረው አቅጣጫውን ነው። ዲቃሎቹ ማይቶኮንድሪያቸው የቀይ ቀበሮ ነበር፤ የውሻው ምልክት የተገኘው ከሁለቱም ወላጅ በሚወረሰው ክፍል ነው። ስለዚህ እናቶቻቸው ቀበሮዎች፣ አባቶቻቸው ውሾች ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ከጉዞው ሁሉ ያሰላሰልኩት ይህን ነውና። ቀይ ቀበሮዎች በቤተሰብ ይኖራሉ፤ በዓመት የምትወልደው አውራዋ ሴት ናት። ወንዶቹ ከተወለዱበት አይወጡም፤ ሴቶች ናቸው ቦታ ፍለጋ የሚሄዱት፣ ቦታ ግን እምብዛም አይገኝም። ቤተሰቡ በዚህ መንገድ የወንድምና የእህት ጎጆ ሆኖ እንዳይቀር ሴቷ መላ አበጅታለች። በ1996 የታተመ የዚሁ ሸለቆና የሳነቲ ጥናት ከታዩት ግንኙነቶች 70 በመቶ ያህሉ ከጎረቤት ቤተሰብ ወንዶች ጋር እንደነበሩ ያሳያል። ከገዛ ቤቷ ከአውራው በቀር ሌላ አታስጠጋም፤ ከድንበር ማዶ የመጣውን ግን ትቀበላለች። ትንሽ መንጋ በዘመድ መዋለድ ተበላሽቶ እንዳያልቅ ይህን የመሰለ ጥበቃ የለም። የእኔ ግምት ነው፤ ውሻው የገባውም በዚሁ በር ይመስለኛል። ከማዶ የመጣ ባዳ ወንድ፣ ሽታው የሥጋ ዘመድ የሆነ። ዘሩን ለዘመናት ያቆየው ልማድ ሰው ውሻ ይዞ ሲመጣ ለአደጋ አጋለጠው።

በሽታውም ከዚሁ ጎረቤት ነው የሚመጣው። የእረኞቹ ውሾች ከብቱን ከጅብና ከነብር የሚጠብቁ ናቸው፤ ማንም አያስራቸውም፣ ማንም አይመግባቸውም ማለት ይቻላል፤ አይጥ ፍለጋ ቀበሮዎቹ ሜዳ ላይ ይውላሉ። በ1991 እና 92፣ በ2003 እና 2004፣ በ2008 እና 2009፣ በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌን አጠቃ። በመካከሉ ደግሞ ዲስተምፐር የተባለው የውሻ በሽታ ገባ። በ2003ቱ ወረርሽኝ በዚህ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ሦስት አራተኛ ገደማ አለቁ። በጠዋት በአንድነት እየተሻሹና እየተላላሱ ሰላምታ የሚሰጣጡ እንስሳት ስለሆኑ አንዱ ከያዘው ለሌላው ጊዜ አይሰጥም።

እዚሁ ሸለቆ ውስጥ፣ ከፍንጫ ሀበራ ፏፏቴ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የዋሻ ጥግ አለ። በ2019 «ሳይንስ» ላይ በወጣው ጥናት መሠረት ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚህ ይኖሩ ነበር፤ ዋና ምግባቸውም የተጠበሰ ትልቁ ፍልፈል። የዛሬው ቀይ ቀበሮ ምሳ ማለት ነው። በዚያ ዘመን ከእኛ በስተላይ ባለው ተራራ በረዶ ተንሰራፍቶ ነበር። ሰውና ቀበሮ አንድ ገበታ ሲሻሙ የኖሩ ከሆነ፣ ከቀበሮው ሕልውና ጋር የማይስማማው ሰው ራሱ ሳይሆን ከኋላው የሚከተሉት ከብቱና ውሻው ናቸው ወደሚል ሐሳብ ይወስደኛል።

ወደ ሳነቲ የወጣነው ከጎባ በኩል በመኪና ነው። መንገዱ የአስታውን ጫካ ጥሎ ሲያልፍ ከ4000 ሜትር በላይ የሆነው አምባ ይጀምራል፤ ቱሉ ዲምቱ 4377 ሜትር ላይ ፊት ለፊት ይታያል። ጅብራዎቹ እዚህም እዚያም ቆመዋል። ራስ ያማል፤ ልጅቷ ነጭ ሽንኩርት አላመጠችኝ፣ ረድቶኝ ከሆነ አላውቅም።

ቀይ ቀበሮ ያየሁት ከመንገዱ ጥቂት ገባ ብዬ ነው። መሬቱ እየተገላበጠ ነበር፤ ትልቁ ፍልፈል ከሥር አፈር እየገፋ። ይህ ፍልፈል ከባሌ ውጭ የሚታወቅበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል፤ ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። አጠገቡ አንዲት ቡናማ ወፍ ተቀምጣለች፤ ከሚገለበጠው አፈር ትል ትለቅማለች፣ አደጋ ካየች ትጮኻለች፣ ፍልፈሉ ይሰወራል። ቀበሮዋ ይህን ሁሉ የምታውቅ ትመስላለች። ሆዷን መሬት አስነክታ፣ አንድ እግር አንስታ ለረጅም ጊዜ እንዳነሳች ቆየች። ደረቷና ጉሮሮዋ ላይ ነጭ፣ ጅራቷ ጫፉ ጥቁር፣ ቀሪው እንደ ስሟ ቀይ። ዘለለች፤ ባዶ አፈር ይዛ ተነሣች። ወፏ ቀድማ ጮኻለች። ቀበሮዋ አፏን አራግፋ ሌላ ጉድጓድ ፍለጋ በሶምሶማ ሄደች።

በ1994ቱ ጥናት የሳነቲ ቀበሮዎች የውሻ ዘር አልተገኘባቸውም። ዌብና ሳነቲ በፈረስ የሚደረስባቸው ጎረቤቶች ሆነው ሳለ ነው ይህ የሆነው። በኋላ የመጣ ሌላ ጥናትም በባሌ ውስጥ እንኳ በዌብ፣ በሞረባዋና በሳነቲ መካከል የዘር ልዩነት እንዳለ አሳይቷል፤ የሚያገናኛቸው መሬት ጠባብ ነውና። ጥበቱ በበጎም በክፉም ይሠራል። ዘር እንዳይቀላቀል ያግዳል፤ በሽታንም ያግዳል። በ2003ቱ ወረርሽኝ ጊዜ መተላለፊያዎቹ ላይ ያሉት ቤተሰቦች ብቻ ተመርጠው ተከተቡና ሕመሙ ከዌብ ወደ ሌሎቹ ሳይዛመት ቀረ። ሁሉንም መክተብ አላስፈለገም። ይህን በስሌት ሞዴል ያሳዩት ሰዎች በ2006 «ኔቸር» ላይ አሳትመውታል። ዛሬ ሥራው ቀሏል፤ ከ2018 ጀምሮ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደርጎ ይሰጣል፣ እንስሳውን መያዝ አያስፈልግም።

እስቲ ወደ ጂኖሙ፣ ማለትም ወደ ሙሉው ዲኤንኤ፣ ልምጣ። በዓለም ላይ የቀሩት ቀይ ቀበሮዎች 500 ገደማ ወይም ከዚያ በታች ናቸው፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ውስጥ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን ቁጥር ስናገር ብዙ ጊዜ የሚመለስልኝ «እንግዲህ ዘራቸው ደክሟል፣ አልቆላቸዋል» የሚል ነው። በ2023 የባሌ 10 ቀይ ቀበሮዎች ሙሉ ጂኖም ታትሟል፤ እያንዳንዱ የዲኤንኤ ፊደል በአማካይ ወደ 40 ጊዜ ደጋግሞ የተነበበበት ነው። ልዩነታቸው እጅግ ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ፤ በመጠኑ የሚጎዱ የዘረመል ጉድለቶችም ከተነጻጸሩት ተኩላዎችና ውሾች ይልቅ ተከማችተውባቸዋል። ቁም ነገሩ ግን ምክንያቱ ላይ ነው። የሰሞኑ የዘመድ መዋለድ ውጤት አይደለም፤ ቁጥራቸው ለረጅም፣ እጅግ ለረጅም ዘመን ትንሽ ሆኖ ከመኖሩ የመጣ ነው።

ልዩነቱን ለመረዳት አሜሪካ የሚገኘውን የአይል ሮያል ደሴት ማሰብ ይጠቅማል። እዚያ የነበሩት ተኩላዎች የመጡት ከትልቅ መንጋ ነው፤ ትልቅ መንጋ ደግሞ ክፉ ዘረመሎችን ሸሽጎ ይይዛል፤ አንድ ቅጂ ብቻ ሲሆኑ አይጎዱምና። ደሴት ላይ ጥቂቶች ሆነው ሲዋለዱ የተሸሸጉት ተገናኙ፤ የአከርካሪ ጉድለት በዛ፣ በ2016 ሁለት ተኩላ ብቻ ቀሩ። የባሌው ሌላ ነው። በሺህ ትውልዶች ትንሽ ሆኖ የኖረ መንጋ እጅግ የከፉትን ክፉ ዘረመሎች በየጊዜው እየገደለ ያጠራል፤ ቀለል ያሉት ይቀራሉ። ስለዚህ «ዘራቸው ደክሟል» የሚለው ለቅሶ ቢቆይ ይሻላል። ነገ የሚገድላቸው የዘር ድህነታቸው አይደለም፤ የውሻ ንክሻና ወደ ላይ የሚገፋው እርሻ ነው። የዘር ድህነቱ የሚጎዳው ከዚያ በኋላ ነው፤ አዲስ በሽታ ሲመጣ ከመካከላቸው የሚቋቋም ላይኖር ይችላል።

ስለ ዲቃላ አንድ የጎን ነገር። ቆላና ወይና ደጋ ላይ የምናየው ተራው ቀበሮ ከእስያው ጋር አንድ ነው ሲባል ኖሮ፣ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተሳተፉበት የ2011 ጥናትና በ2015 የተከተለው ሌላ ጥናት ራሱን የቻለ የአፍሪካ ተኩላ እንደሆነ አሳዩ። በ2018 ደግሞ ጂኖሙ ሲመረመር ከግራጫ ተኩላና ከቀይ ቀበሮ ዘመዶች መደባለቅ የመጣ እንደሚመስል ተጻፈ፤ ከቀይ ቀበሮው ወገን ያለው ድርሻ ሩብ ገደማ ነው። ይህን ለኦቦ ስነግራቸው ሳቁ። «ድሮም ጎረቤት አያስቀርም» አሉ። እኔ ግን ዲቃላን ሁሉ እንደ ጥፋት ማየቴ ላይ ጥያቄ ጣለብኝ። ድሮ ሁለት የአውሬ ዘሮች ሲገናኙ አዲስ ነገር ተፈጠረ፤ ዛሬ ጥቂት መቶ ቀበሮዎች ከስፍር ቁጥር የለሽ ውሾች ጋር ሲገናኙ ግን ብዙው ጥቂቱን ይውጠዋል።

ማታ ጎባ ላይ እሳት ዳር ተቀምጠን ልጅቷ ብልቃጦቿን ስትደረድር የመጨረሻው ክርክር ተነሣ። ቀይ ቀበሮ ከጮቄና ከጎሽ ሜዳ ጠፍቷል። መንዝ ጓሳ፣ ወሎ፣ ስሜን ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ናቸው። ከባሌ ወስዶ ሰሜኑን መሙላት ይቻላል? ሹፌራችን «እንስሳው አንድ፣ አገሩ አንድ፣ ምን ያስቸግራል?» አለ። እሷ አልተቀበለችውም። በስምጥ ሸለቆው ወዲህና ወዲያ ያሉት ለብዙ ሺህ ዓመታት ተለያይተው የኖሩ ናቸው፤ በ2004ቱ ጥናትም ይህ ይታያል። መጀመሪያ ከቅርቡ፣ ከሰሜን ለሰሜን፣ ከባሌ ለአርሲ መሞከር አለበት ባይ ናት። እኔ ደግሞ አንድ መንጋ ሦስትና አራት ቤተሰብ ብቻ ከቀረው የባሌም ደም ቢሆን ከመጥፋት ይሻላል አልኩ። አልተስማማንም። በአንድ ነገር ግን ተግባባን፤ ይህን የሚወስነው መረጃ የሚነበበው ለንደንና ሎስ አንጀለስ መሆኑ ሊያበቃ ይገባል። ብልቃጦቹ አዲስ አበባ ላይ ቢነበቡ ናሙናውን ከአገር ለማውጣት ለሚጠየቀው ፈቃድ የሚባክነው ጊዜ ቀርቶ፣ ወረርሽኝ ሲነሣ መልሱ በሳምንት ይደርስ ነበር።

በማግስቱ ስንመለስ ዲንሾ መግቢያ ላይ አንድ ከብት ጠባቂ መኪናውን አስቆመን። ስለ ጂኖም የሚያወራ መኪና መሆኑን አያውቅም፤ በር ላይ ያለውን የቀበሮ ሥዕል አይቶ ነው። ሁለት ውሾች አሉት፣ አንዷ ወልዳለች። ጥያቄው አጭር ነበር፤ የውሻ ክትባት ሰዎች ወደ መንደራቸው መቼ ነው የሚመጡት? ኦቦ ቀኑን ነገሩትና «ቡችሎቹንም አምጣቸው፣ አንድም እንዳታስቀር» አሉት። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፤ ግን ዋናዋን ውሻ ለመያዝ ገመድ እንደሌለው ነገራቸው። ሹፌሩ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ከጭነቱ አንዱን ገመድ ፈቶ ሰጠው።